ዐሥራ ሁለተኛው ሳህን

አርብ፣ የካቲት 14 ቀን 2017

ሚስስ ግዌን ዛሬ ደህና ዋሉ። ስሜን አልሳቱም፣ ክኒናቸውን ያለ ጭቅጭቅ ዋጡ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የሎሚ ኬክ እንጋግር ብለው ተነሡ። እሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው እያዘዙ እኔ ጋገርኩ። ሲበርድ ግማሹን አስቆረጡኝና "ይኼ ለልጅሽ ነው" አሉኝ። ፕላስቲክ ዕቃ ላመጣ ስነሣ አይሆንም አሉ። ብፌውን አስከፍተው ከእነዚያ ከጉድ ሳህኖቻቸው አንዱን አስወጡኝ።

ስለ ሳህኖቹ እዚህ ደብተር ላይ ጽፌ አላውቅም መሰለኝ። ዐሥራ ሁለት ናቸው። እዚህ ቤት በሠራሁባቸው ሁለት ዓመታት በየሳምንቱ አቧራቸውን ጠርጌያለሁ እንጂ ማንም ሲበላባቸው አላየሁም። ዌልስ በሚባል አገር፣ ናንትጋሩ በምትባል መንደር፣ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ነው የተሠሩት። ከምድጃው ሲወጡ ከዐሥሩ ዘጠኙ ተሰንጥቆና ተጣምሞ ይገኝ ነበር አሉ፤ ሠሪውም በዚሁ ከሰረ። የተረፈውን ግን ነገሥታቱ ተሻሙበት። እነዚህን ዐሥራ ሁለቱን የሚስስ ግዌን ቤተሰብ ለአንድ የንጉሥ ልጅ ማዕድ የታዘዙ ናቸው ይላል። እውነት ይሁን አይሁን እንጃ። መሐሉ ላይ ጽጌረዳ ተስሎበታል፣ ጠርዙ ወርቅ ነው። ወደ መስኮት ከፍ ሲያደርጉት ከጀርባው ያለው ጣት በውስጡ ይታያል።

በዚህ ነው የምወስደው ብዬ ስጠይቃቸው ሳህን መብያ ነው አሉና በፎይል እንድሸፍነው አዘዙኝ።

ከእሳቸው የዴንቨር ሰፈር ከሎውሪ እኛ እስካለንበት እስከ ኦሮራ ድረስ በቀንድ አውጣ አነዳድ ነዳሁ። ሃቫና ጎዳና ላይ ከኋላዬ ያለው ሁሉ ጡሩንባውን ነፋብኝ። ሳህኑን ጎኔ ያለው ወንበር ላይ አስቀምጬ ቀበቶ አስሬለት ነበር። ልጄ ሔቨን ፓርኪንጉ ላይ አይታኝ በሳቅ ሞተች። ሃያ ሦስት ዓመት አሳድጌያት ለእሷ እንደዚህ ቀበቶ ማሰሬን አታስታውስም።

እሑድ፣ የካቲት 16

ቅበላ። ኬኩ ቅቤና ዕንቁላል ስላለበት ዛሬ ማለቅ ነበረበት፣ አለቀ። እኔ ሁለት ቁራጭ፣ ሔቨን የቀረውን። ሳህኑን በእጄ አጠብኩት፣ በንጹሕ ፎጣ አደረቅኩት።

ባዶውን አልመልሰውም። ባደግኩበት ሰፈር የጎረቤት ሳህን ባዶውን የሚመልስ አልነበረም፤ ቢጠፋ ቢጠፋ ሁለት ሎሚ፣ አንድ ጭብጥ ቆሎ ጣል ይደረግበታል። ባዶ ሳህን መመለስ ከእንግዲህ አትላኩልኝ እንደማለት ነው። ታዲያ ነገ ሁዳዴ ይገባል። በምን ልሙላው?

አርብ፣ የካቲት 21

ሳህኑ እዚሁ ነው። ሽሮ ይዤ ልሄድ አሰብኩና ተውኩት። በንጉሥ ልጅ ሳህን ሽሮ? ምስሩም ያው ነው። ሚስስ ግዌን በርበሬ አይችሉም። ዳቦው ደግሞ ከሳህኑ ይሰፋል።

ሔቨን "ማም፣ ጀስት ቴክ ኢት ባክ" ትለኛለች። ዝም ብለሽ መልሺው ማለቷ ነው፤ ለእሷ ሁሉ ነገር ጀስት ነው።

ለፋሲካ አደርሰዋለሁ። አልጫ ዶሮ ሠርቼ፣ ዕንቁላሉን መሐል ጽጌረዳው ላይ አስቀምጬ። ሰባት ሳምንት ምን አላት? እሳቸውም አልጠየቁኝም።

አርብ፣ የካቲት 28

ብፌው ውስጥ ክፍተት አለ። ስድስት ላይ፣ ስድስት ታች ነበሩ፤ አሁን ታች አምስት ናቸው። ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር ዓይኔ እዚያ ይሄዳል። ዛሬ አቧራ ስጠርግ ታችኞቹን ትንሽ ትንሽ አራርቄ ደረደርኳቸው። ለዓይን እንዲያምር ነው።

ሚስስ ግዌን እያዩኝ ነበርና የሳህኖቹን ታሪክ አመጡት። ከቅድመ አያቶቻቸው አንዷ፣ ያኔ ገና ልጅ ሳለች፣ ዌልስ ውስጥ በአንድ ትልቅ ቤት ዕቃ አጣቢ ነበረች። ጌቶቹ ሞተው ቤቱ ሲበተን ሳህኖቹ በእሷ እጅ ተገኙ። ልጃቸው ግሬግ ጌቶቹ የሸለሟት ነው ይላል። እሳቸው ግን ብቻችንን ስንሆን ማን ሰጣት ይሉና ይስቃሉ። የወጥ ቤቷ ልጅ በሽርጧ ጠቅልላ አንድ በአንድ ነው ያወጣቻቸው ይላሉ። ይህን ለግሬግ አይነግሩትም። ቅዳሜና እሑድ በእኔ ቦታ የምትገባው ሠርካዲስም አልሰማችውም፤ ጠይቄያት አውቃለሁ። ለእኔ ብቻ ነው።

ይህን ስሰማ ለምን ደስ እንዳለኝ አላውቅም።

እሑድ፣ መጋቢት 7

ሠርካዲስ የሚስስ ግዌንን ቤት ቁልፍ ልታደርስ መጣች። ቁልፉ አንድ ስለሆነ እሑድ እሑድ እኔ ጋ ታደርሳለች። ሁልጊዜ ከበር ነው የምትመለሰው፤ ዛሬ ውኃ ጠማኝ ብላ ኩሽና ድረስ ገባች። ልጇ ሲና መኪና ውስጥ ስለቀረች ብዙ አልተቀመጠችም። የአርባ ምንጭ ሰው ናት፣ ብቻዋን ልጅ የምታሳድግ። ጴንጤ ብትሆንም ጨዋ ናት እላለሁ፤ እሷም እትዬ አበዛሽ ኦርቶዶክስ ቢሆኑም ይድናሉ ትለኛለች። እንዲህ እየተባባልን ነው የምንኖረው።

ሳህኑ ፍሪጁ ላይ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ካላንደር ጣል አድርጌበታለሁ፣ ግማሹን ነው የሸፈነው። ያየችው አይመስለኝም። ብታይስ? የምደብቀው ነገር አለ እንዴ?

አርብ፣ መጋቢት 12

ጠዋት ጠዋት ሔቨን ሳትነሣ ሳህኑን ወደ መስኮቱ አነሣዋለሁ። የኛ መስኮት ፊቱ ወደ ምሥራቅ ነው። ፀሐይዋ ከፓርኪንጉ ባሻገር ስትወጣ ጽጌረዳው ከውስጥ መብራት የበራለት ይመስላል። ከዚያ መልሼ አስቀምጬ ወደ ሥራ።

በዚህ ቤት ያለው ዕቃ ሁሉ ወይ ሰው የሰጠን ነው ወይ ከያርድ ሴል፣ ሰው አሮጌ ዕቃውን ደጁ ላይ ከሚሸጥበት፣ የለቀምነው። አንድ ጥሩ ነገር ለጥቂት ሳምንት ቢቀመጥ ምናለበት? የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። እኔ እኮ ልድመቅበት አላልኩም። ማየት ነው።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 16

ግሬግ ከፊኒክስ መጣ። ሳይናገር። እናቱን ሜሞሪ ኬር የሚሉት የመርሳት ሕመምተኞች መኖሪያ ሊያስገባቸው ነው፣ ከፋሲካ በኋላ።

ዕቃ የሚገምት ሰውዬ ይዞ ነው የመጣው። ብፌው ተከፈተ። ቆጠሩ። ዐሥራ አንድ። እንደገና ቆጠሩ።

እኔ ኩሽና ነበርኩ። ውኃውን ከፍቼው ነበር።

በሩ ላይ ያለው ካሜራ የሠላሳ ቀን ብቻ ነው የሚይዘው ሲል ሰማሁት። ከየካቲት 14 እስከ ዛሬ ሠላሳ ሁለት ቀን ነው። ዝም ብዬ ነው የቆጠርኩት።

ረቡዕ፣ መጋቢት 17

መተኛት ስላቃተኝ ልጻፈው።

ግሬግ ጠዋት ሳሎን ጠራኝ። በትሕትና ነው የጠየቀኝ፤ ሰው በትሕትና ሲጠይቅ ይብሳል። ሳህኖቹ ስንት እንደነበሩ አስታውስ እንደሆን ጠየቀኝ። እኔ አቧራ እጠርጋለሁ እንጂ አልቆጥርም አልኩት። ይህን ስል ገማቹ ሰውዬ አጠገቡ ቆሞ ነበር። ከቀሩት አንዱን ሳህን እያገላበጠ፣ ዐሥራ ሁለት ሙሉ ሆኖ የተገኘ ነገር መሆኑን፣ አንዱ ሲጎድል የዐሥራ አንዱም ዋጋ አብሮ እንደሚወርድ ሲያስረዳው ሰምቻለሁ። ታዲያ በዚህ መሐል እኔ ቤት ነው ልበል? አንድ ወር ምን አደረግሽው ቢለኝ፣ ሳህኑ ላይ የማደርገው ዶሮ እስኪፈቀድልኝ እየጠበቅኩ ነው ልበለው?

ማለት ነበረብኝ። አሁን ሳስበው ቀላል ነበር። ሰውዬው እስኪሄድ ብዬ ነው ዝም ያልኩት፤ ሰውዬው ሄደ፣ እኔም ዝም እንዳልኩ ቀረሁ።

ከዚያ ግሬግ እናቱ አጠገብ ተንበርክኮ ሳህኑን ማን እንደወሰደው ጠየቃቸው። እኔ ሰጠኋት ይላሉ ብዬ ነበር። ይበሉ ብዬ ተመኘሁ፣ አይበሉ ብዬ ተመኘሁ፣ የቱ እንደሚበልጥ አላውቅም። እሳቸው ፈገግ አሉና "የወጥ ቤቷ ልጅ ናታ። በሽርጧ ጠቅልላ" አሉት።

ግሬግ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ሽርጥ አልለብስም። ሠርካዲስ ናት ሰማያዊ ሽርጥ የምታደርገው። ስልኩን አውጥቶ የካሜራውን ቪዲዮ አሳየኝ፤ የካቲት 29 ቅዳሜ ማታ ሠርካዲስ ካርቶን ታቅፋ ከቤቱ ስትወጣ። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ሚስስ ግዌን ለቤተ ክርስቲያኗ የሰጧት አሮጌ ሹራብ ነው። ይህን አውቃለሁ፤ ሹራቦቹን አጥቤ ያጠፍኳቸው እኔ ነኝ።

የትኛዋን ልጅ እንዳሉም አውቃለሁ። ከሞተች መቶ ምናምን ዓመት የሆናትን ልጅ ነው። ይህን የሚያውቅ እዚያ ቤት ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም የለም።

አፌን ከፈትኩ። የክኒናቸው ሰዓት ደርሶ ነበር። ክኒናቸውን ሰጠኋቸው።

አርብ፣ መጋቢት 19

የሚያሠራን ኤጀንሲ ሠርካዲስን አገዳት። ጉዳዩ ተጣርቶ እስኪያልቅ እዚህም ሆነ ሌላ ቤት አትገባም። ከተረጋገጠባት ከዚህ በኋላ በሽተኛ የሚጠበቅበት ሥራ የትም አታገኝም። ሳምንቱን ወደምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያም፣ ወደ ነርሲንግ ሆሙ፣ ደብዳቤ ሄዷል።

ይህን ደውላ የነገረችኝ የኤጀንሲው ሴት ቀጥላ ቅዳሜና እሑዱን እኔ እንድሸፍን ጠየቀችኝ።

እሺ አልኩ። ምን ልበል? ሚስስ ግዌን ብቻቸውን አይውሉም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 24

ሃቫና ላይ ካለው የሐበሻ ሱቅ ሽሮ ልገዛ ገባሁ። ሁለት ሴቶች ቅመሙ ጋ ቆመው የሠርካዲስን ነገር ያወራሉ። አንዷን በዓይን አውቃታለሁ። ሃሌ ሉያ ሃሌ ሉያ ይላሉ እንጂ እጃቸው አያርፍም እያለች ነው። ሌላዋ ደግሞ የነጭ ቤት ገብቶ መውጣት ዓይንን ያስለምዳል አለች። እኔን ሲያዩ አንቺ እኮ አብረሻት ነው የምትሠሪው ምን ሰማሽ አሉኝ።

እስኪጣራ ዝም ማለት ነው አልኳቸው። ጥሩ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሳስበው ግን "አልሰረቀችም" ማለት እና "እስኪጣራ" ማለት አንድ አይደለም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እያልን ነው ያደግነው። የእሷን ስም ሽሮ ተራ ላይ ትቼው ወጣሁ።

ሽሮውንም ረስቼው መጥቻለሁ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 27

መድኃኔ ዓለም ነው፣ ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። በሠርካዲስ ሰዓት እየሠራሁ ነው የዋልኩት። ሰማያዊ ሽርጧ በሩ ኋላ እንደተሰቀለ ነው። ሚስስ ግዌን ሦስት ጊዜ የምትዘምረዋ የት ሄደች አሉኝ። ለካ ስትሠራ ትዘምርላቸው ኖሯል፤ ነግራኝ አታውቅም።

ሲያሸልባቸው ደወልኩላት። ላጽናናት ነው የደወልኩት፣ ቢያንስ እንደዚያ ብዬ ነው ስልኩን ያነሣሁት። እንዴት ነሽ፣ ሲና እንዴት ናት፣ አይዞሽ እግዚአብሔር አለ አልኩ። አሜን እያለች ሰማችኝ። የምለው ሲያልቅብኝ፦

"እትዬ አበዛሽ፣ ሳህኑን አይቼዋለሁ" አለች። "ቁልፍ ያመጣሁ ቀን። ፍሪጅዎ ላይ።"

ለምን አልተናገርሽም አልኳት። እርስዎ ይናገራሉ ብዬ ነው አለች። መጀመሪያ ቀን ይናገራሉ ብላ ጠበቀች፣ ከዚያ በሳምንቱ፣ ከዚያ ጾመኛ ሰው ነዎት ይህን ይዘው ፋሲካ አይገቡም ብላ። የእኔን ስም ጠርታ ከነገሩ ብትወጣ በእሷ ቦታ ሌላ ሰው አስገብታ መውጣት ሆነባት። ይህን ሁሉ የተናገረችው ድምጿን ከፍ ሳታደርግ፣ አንቱታዋንም ሳትተው ነው።

"ሌላውን እችለዋለሁ፣ ሥራም ይገኛል" አለችኝ በመጨረሻ። "ሲና ግን ሰምታለች። ቸርች ውስጥ ልጆች ነግረዋት። ማታ እራት ላይ ዓይኗን አንሥታ አታየኝም።"

ስልኩን ስዘጋ ምን እንደተሰማኝ እጽፋለሁ፣ ይህ ደብተር የሚያየው ሰው የለም። ተናደድኩባት። በጨዋነቷ ተናደድኩባት። ሄዳ ብትናገር፣ ብትሰድበኝ፣ ነገሩ ያን ቀን ያበቃ ነበር። አሁን እሷ ልጇን እያጣች እኔን ትጠብቃለች። ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነው ልጅቷ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 2

ዛሬ ሳህኑን በነጠላ ጠቅልዬ ወሰድኩት። ማንም ሳያይ ብፌው ውስጥ አስቀምጬ፣ ከዚያ ሶፋው ሥር ተገኘ ወይም ሚስስ ግዌን ራሳቸው ደብቀውት ነበር ልል። ሌሊቱን ሙሉ ቃሉን ስደረድር ነው ያደርኩት።

ብፌው ተቆልፏል። ቁልፉ ግሬግ ኪስ ውስጥ ነው። ሶፋው ሥርም ቢሆን፣ ግሬግ ቤቱን ጥግ ጥጉን ፈትሾታል፤ ሰነፍ ሰው አይደለም።

ስመለስ በረዶ ጥሎ ነበር። በሚያዝያ በረዶ፣ የዴንቨር ነገር። ከደጃፋቸው እስከ መኪናው ያለው መንገድ ያንሸራትታል። ባንሸራተተኝና ወድቄ በተሰበረ ብዬ ተመኘሁ። ደግሞ ወዲያው ሁለት እጄን አድርጌ ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኩት። እግሬም ጠንቀቅ ብሎ ረገጠ። ተመልሶ ፍሪጁ ላይ ነው።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 6

ሕማማት ገባ። ለንስሐ አባቴ ለአባ መልከጼዴቅ ደወልኩ። አንድ የማውቀው ሰው የሰው ዕቃ በአደራ መልክ ይዞ ቢዘገይና በእሱ ምክንያት ሌላ ሰው ቢጠረጠር፣ ቆርቦ በዓሉን ማክበር ይችላል ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ያ ሰው እንቅልፍ ይወስደዋል?" አሉኝ።

አይወስደውም አልኩ። እንግዲያው መልሱን ያውቃል አሉና ዘጉ።

አርብ፣ ሚያዝያ 10

ስቅለት። ቀኑን ሙሉ ስግደት። ጉልበቴ አይደለም የሚያመኝ።

ማምሻውን አባ በወይራ ቅጠሉ ጀርባዬን መታ መታ ሲያደርጉኝ ጎንበስ ብለው ያ ሰውስ አሉኝ።

ነገ አልኳቸው።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 11

ዶሮው አልተሠራም። ሔቨን ሽንኩርቱን ብቻዋን እየከተፈች ነው፣ እያለቀሰች፣ እኔን እየተራገመች። ቁጭ ብዬ ልጻፍና አግዛታለሁ።

ጠዋት ሄድኩ። ምንም ሳልሞላበት ነው የሄድኩት። ሳህኑን አጥቤ፣ አድርቄ፣ በነጠላ ጠቅልዬ። ግሬግ ሳሎኑን በካርቶን ሞልቶት ነበር። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ነጠላውን ገለጥኩት።

መናገር እንደጀመርኩ እንግሊዝኛዬ ጠፋብኝ። ሃያ ስድስት ዓመት የተናገርኩት እንግሊዝኛ። እናትህ ኬክ አድርገው ሰጡኝ፣ እኛ ባዶ ሳህን አንመልስም፣ ጾም ገባ፣ አንተ መጣህ፣ እኔ ዋሸሁህ፣ ሠርካዲስ አልነካችም፤ እንዲህ እንዲህ ነው ያልኩት። ሹራቡንም፣ የወጥ ቤቷን ልጅ ታሪክም ነገርኩት። የመጨረሻው ላይ ፊቱ ትንሽ ጠቆረ፤ ስለ ቅድመ አያቱ መስማት አልፈለገም።

ሚስስ ግዌን ወንበራቸው ላይ ነበሩ። ሳህኑን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

"ልጅሽ ወደደችው?" አሉኝ። "ሎሚው አልበዛባትም?"

እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ዐሥር ጊዜ ልጠይቃቸው እችል ነበር። ግሬግ ባለበት፣ በደህና ቀናቸው፣ ኬኩን ያስታውሳሉ ብዬ መጠየቅ ብቻ ነበር። አልጠየቅኩም። ባያስታውሱስ ብዬ ፈርቼ ነው ስል ነበር ለራሴ።

ግሬግ አልተቆጣም። ሳህኑን ገልብጦ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አየ፣ ጠርዙን በጣቱ ዞረው፣ ከዐሥራ አንዱ ጋር ስፖንጅ ውስጥ አስገባው። አለመግባባት ነው አለ፣ ደስ ያለው ይመስላል። ስለ ሠርካዲስ አንድ ቃል አልወጣውም። ለኤጀንሲው አሁን እዚሁ ፊቴ ደውል አልኩት። ቅዳሜ ማን ያነሣል ሰኞ እደውላለሁ አለ። አልሄድም ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ። በዚህ አገር በሰው ቤት እንዲህ ሆኜ አላውቅም። ደወለ፣ መልእክት ተወ፣ ስሟን ሁለቴ አስደገምኩት። እኔም ቤት ስመጣ ሁሉንም ሔቨንን አስጻፍኳትና በኢሜይል ላክሁ፤ የዋሸሁትንም። ከሰኞ ጀምሮ ሥራ የለኝም ማለት ነው። ምናልባት ከዚያም በኋላ።

ሔቨን እየጻፈች አንድም ጊዜ ቀና ብላ አላየችኝም። ስትጨርስ ሴንድ ላድርገው አለችኝ። አድርጊው አልኩ።

አንድ ነገር ልጻፍና ወደ ሽንኩርቱ ልሂድ። ባዶውን አልመልስም ያልኩት እውነቴን ነው። ግን እውነቱ እሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ በሽሮም ይመለስ ነበር።

እሑድ፣ ሚያዝያ 12

ፋሲካ ነው። ሌሊት አስቀድሼ፣ ሳልቆርብ መጣሁ።

ከሰዓት በኋላ ሠርካዲስ ቤት ሄድኩ። ሔቨን ዶሮ በድስት ልጫንልሽ ብላኝ ነበር፤ አይሆንም አልኳት። ዶሮ ይዞ መሄድ መሸንገል መሰለኝ። የሠርካዲስ አፓርትመንት ከኛ አምስት ደቂቃ ነው፣ ሁለተኛ ፎቅ። በሩን ስትከፍት እንኳን አደረሰዎት አለችኝ። ደረጃው ላይ እንደቆምኩ ሁሉንም ነገርኳት። ኢሜይሉን በስልኬ አሳየኋት። እስከ መጨረሻው አነበበችው፣ ቀስ ብላ። ስልኬን መለሰችልኝ።

ይቅር በይኝ አልኳት። ይቅር ብያለሁ አለች፣ እንደ ሃይማኖቷ። ከዚያ ግን እንድሄድ አልለቀቀችኝም።

"ለእኔ አይደለም የሚነግሩኝ። እኔማ አውቀው ነበር" አለች። "ይግቡና ለእሷ ይንገሯት።"

ሲና ሶፋው ላይ ነበረች፣ እግሯን አጥፋ፣ ስልኳ ላይ። እናቷ በእንግሊዝኛ ጠርታት አስቀምጪው አለቻት። ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ለትልቅ ሰው መናገር ይቀላል። ትልቅ ሰው ቶሎ ብሎ አይዞሽ ይላል።

እናትሽ ምንም አልወሰደችም፣ ሳህኑ እኔ ቤት ነበር፣ እኔ ነኝ አልኳት። ከዚያ ማስረዳት ጀመርኩ። ባደግንበት አገር የሰው ሳህን ባዶውን አይመለስም፣ ጾም ገብቶ ስለነበር፣ ሴትዮዋ ቅመም ስለማይችሉ፣ እያልኩ ቀጠልኩ። ራሴን ስሰማው ወሬው ሁሉ ስለ ሳህኑ ነበር። ልጅቷ አላቋረጠችኝም። የእናቷ ዓይን ነው ያላት። ስጨርስ ቃሉን ከየት ከየት እየለቀመች፣ በእንግሊዝኛ ቢሆን የማይገባኝ መስሏት ነው መሰለኝ፣ በተሰባበረ አማርኛ ጠየቀችኝ።

"እሱ ገባኝ፣ ሳህኑ። ግን እማዬን ሌባ ሲሏት፣ አንቺ እዚያ ነበርሽ። ለምን አልተናገርሽም?"

ተይ ሲና፣ ትልቅ ሰው እንዲህ አይጠየቅም ትላታለች ብዬ ቀና አልኩ። ሠርካዲስ በሩን ተደግፋ ቆማ ነበር። እሷም መልሴን ትጠብቅ ነበር።